የአደን ፈቃዱ ከጫካ ሲመለስ ማን ያየዋል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሕጋዊ አደን ዜና በወጣ ቁጥር አንባቢ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ብርቅዬ እንስሳችን በዶላር ተቸበቸበ» ብሎ ይቆጣል፤ ሌላው «አደኑ ባይኖር ጫካው እስካሁን ታርሶ ያልቅ ነበር» ይላል። ክርክሩም ሁልጊዜ ዋጋው ላይ ይቆማል። ዋጋው ትልቅ መሆኑ አይካድም፤ የውጭ አገር አዳኝ ለአንድ የደጋ አጋዘን የሚከፍለው ለዓመታት 15,000 የአሜሪካ ዶላር ሆኖ ቆይቷል። እኛ የምንጽፈው ግን ክፍያው ከገባና ፈቃዱ ከተፈረመ በኋላ ስላለው ነገር ነው። ያ ወረቀት ጫካ ገብቶ ምን ተጽፎበት ይመለሳል? የተጻፈውንስ ማን ያነበዋል? አጋዘኑ የሚተርፈውም የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው።

አስቀድመን ብዙ ሰው የሚያምታታውን ነገር እናጥራ። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማንም ቢሆን፣ የፈለገውን ቢከፍል፣ የአደን ፈቃድ አያገኝም። በባሌ ተራሮች፣ በሰሜን ተራሮችና በአዋሽ አደን ክልክል ነው፤ በሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያም እንዲሁ። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ የዱር አህያና የሰንቀሌው ቆርኬ የትም ቦታ ቢገኙ ፈቃድ አይወጣባቸውም። ፈቃድ የሚሰጠው ከፓርክ ውጭ ተከልለው ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀጠናዎች በሚባሉት ቦታዎች ነው። በአርሲና በባሌ ደጋ ሙነሳ ኩኬ፣ አርባ ጉጉ፣ አባሸባ ደመሮ፣ ሃንቶና ሸደም በርበሬ ይገኛሉ፤ በአፋር ብሌን ሄርታሌ፣ በደቡብ ኦሞ ደግሞ ሙሩሌ። የሕጉ መሠረት ሆኖ የቆየው አዋጅ ቁጥር 541/1999 ሲሆን ዝርዝሩን የያዘው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163 ነበር። አዋጁ ለጥፋተኛ ያስቀመጠው ቅጣት ከ5,000 እስከ 30,000 ብር፣ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱም ነበር። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ 30,000 ብር ምን ያህል እንደረከሰ ለአንባቢ መንገር አያሻም፤ እንዲህ ያለ የብር ቅጣት ዛሬ ማንንም አያስፈራም።

አንድ የውጭ አገር አዳኝ ተራራ ከመውጣቱ በፊት ወረቀቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ቆመው መገኘት አለባቸው። ከሥር ያለው የአደን አስጎብኚ ድርጅቱ ከክልሉ ጋር የተዋዋለው የኮንሴሽን ውል ነው። ድርጅቱ ቀጠናውን ለተወሰኑ ዓመታት ይዞ ስካውት (የዱር እንስሳት ጠባቂ) እንዲቀጥር፣ ሕገወጥ አደንና የደን ጭፍጨፋን እንዲከላከል ግዴታ የሚገባው በዚህ ነው። በላዩ የዓመቱ ኮታ ይቀመጣል፤ በዚህ ቀጠና፣ ከዚህ ዝርያ፣ ይህን ያህል ወንድ የሚል። ከዚያ የፕሮፌሽናል አዳኙ፣ ማለትም እንግዳውን እየመራ የሚያሳድነው ባለሙያ፣ የሙያ ፈቃድ ይከተላል፤ ቀጥሎ የእንግዳው ፈቃድ፣ ዝርያው በስም ተጠቅሶ። የምኒልክ ድኩላ ተጽፎለት የደጋ አጋዘን የመታ ሰው ያለ ፈቃድ እንዳደነ ነው የሚቆጠረው። የመጨረሻው ወረቀት የጠመንጃው ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ በዚህ በኩል ቀልድ የለም።

የጠመንጃው ወረቀት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከሁሉ የሚናቀው እሱ ነውና። የመሣሪያው መለያ ቁጥር፣ የካሊበሩ (የአፈሙዙ ስፋት) ዓይነትና የጥይቱ ብዛት እንግዳው ከመምጣቱ በፊት በሚላከው ማመልከቻ ላይ ይሰፍራሉ። ከመለያ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ቢዛነፍ ጠመንጃው አየር ማረፊያ ይያዛል፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም ዜሮና «ኦ» የምትባለዋ የላቲን ፊደል ስለሚመሳሰሉ ነው። መድኃኒቱ ቁጥሩን ከሰነድ ሳይሆን ከብረቱ ላይ ፎቶ አንስቶ መላክ ነው። አየር መንገዶች ለአንድ መንገደኛ ከ5 ኪሎ በላይ ጥይት አይጭኑም። እንግዳው ሲገባ ጥይቱ ይቆጠራል፣ ሲወጣም ይቆጠራል፤ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አይገናኙም። የምንቆጨው በዚህ ነው። 40 ጥይት ይዞ የገባ ሰው 31 ይዞ ከወጣ 9 ተኩሷል ማለት ነው። ሦስቱ ለጠመንጃ ማስተካከያ ዒላማ ላይ ቢያርፉ፣ ሁለቱ አጋዘኑን ቢጥሉ፣ የቀሩት አራቱ የት ገቡ? ፈቃዱ ላይ «አንድ ተገድሏል፣ የቆሰለ የለም» የሚል ከሆነ ይህ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። የሚያስፈልገውም ቀለህ መልቀምና ሁለት ቁጥር ማቀናነስ ብቻ ነው።

ወደ ኮታው እንምጣ፤ ከወረቀቶቹ ሁሉ ደካማው እሱ ነው። ኮታ ቆጠራን ተደግፎ ይቆማል፤ የደጋ አጋዘን ቆጠራ ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። እንስሳው ማለዳና አመሻሽ ላይ ወደ ሜዳው ጠርዝ ብቅ ይላል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ጥዱና አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ስለዚህ ቆጣሪዎች ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3፣ ማታ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስኪጨልም በየተረተሩ ተመድበው፣ ሰዓታቸውን አስተካክለው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማየት አለባቸው። ያዩትን መንጋ ብዛት ብቻ ሳይሆን የታየበትን ደቂቃና የሄደበትን አቅጣጫ ይጽፋሉ። ያለዚያ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው የተሻገረ አንድ ኮርማ በሁለት ሰው መዝገብ ላይ ሁለት ኮርማ ይሆናል። ወንድ፣ ሴት፣ ጥጃ፣ ጎረምሳ ወንድ፣ ያረጀ ወንድ ተብሎ ካልተለየም ቆጠራው ለኮታ አይጠቅምም። ደኑ ጥቅጥቅ ባለበት እንደ ሙነሳ ባለ ቦታ በዓይን መቁጠር አይበቃም፤ መስመር አስምሮ የፋንድያ ክምር መቁጠርና እንስሳ ሲያልፍ ራሱ ፎቶ የሚያነሳ የካሜራ ወጥመድ መትከል ያሻል።

ከስህተቶች ሁሉ ከባዱ ማባዛት ነው። በባሌ ፓርክ ውስጥ ያለው የጋይሳይ ሸለቆ ክፍት ነው፤ ጥበቃው ቅርብ ነው፤ ዲንሾ ላይ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት አለ። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ እንደዚያ ተጠጋግቶ የሚታይበት ቦታ የለም። የዚያን ሸለቆ ጥግግት ወስዶ በአንድ የአደን ቀጠና ሙሉ ስፋት ማባዛት ሜዳውንም፣ ገደሉንም፣ የታረሰውንም መሬት በአጋዘን መሙላት ነው። ወረቀት ላይ ብዙ መቶ እንስሳ ይወጣል፤ ጫካው ውስጥ የለም።

ትርፍ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ በሒሳብ እናሳይ። አንድ ቀጠና 200 አጋዘን አለው ተባለ እንበል። ከጠቅላላው 2 ከመቶ ይታደን ቢባል 4 ወንድ ይሆናል፤ ልከኛ ይመስላል። ግን ከ200ው አብዛኛው ሴትና ጥጃ ነው። ያደጉ ወንዶች 50 ቢሆኑ፣ ከእነሱም ዕድሜያቸው የገፋው፣ ለርቢ ብዙም የማይፈለጉት፣ 10 ቢሆኑ፣ አራቱ በየዓመቱ ሲነሱ ሌሎች እያረጁ ይተካሉ። ቆጠራው በእጥፍ የተጋነነና እውነተኛው ቁጥር 100 ቢሆን ግን ያረጁት 5 ብቻ ናቸው። ኮታው በአንድ ዓመት አራቱን ይወስዳል። በሁለተኛው ዓመት አዳኙ ያረጀ ወንድ ያጣል፤ የተከፈለበት ፈቃድ ግን በእጁ አለ። ያን ጊዜ የሚመታው በሙሉ ጉልበቱ ያለው፣ ሴቶቹን የሚያስረግዘው ወንድ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ሕግ አልተጣሰም። የደጋ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉት ከእኛ ደጋዎች ሌላ በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ ሴቷ በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ጥጃ ብቻ ነው። እዚህ የጎደለውን ከሌላ አገር አምጥቶ መተካት አይቻልም።

ቆጠራውን ደግሞ በኮታው የሚጠቀመው ወገን ብቻውን ሊሠራው አይገባም። ድርጅቱ መኪናና ስንቅ ያቅርብ፤ መዝገቡን ግን ሌላ ሰው ይያዝ።

አሁን ተኩሱ ወዳለበት እንውጣ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን አየሩ ይሳሳል። አዳኙ ዳገት ወጥቶ ትንፋሹ ሳይመለስ ይተኛና ከሸለቆ ማዶ 200 ወይም 300 ሜትር ርቆ የቆመውን ኮርማ ያነጣጥራል። ኮርማው እስከ 300 ኪሎ የሚመዝን ነው። ከወገቡ በታች አስታው ሸፍኖታል፤ ጉሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። ትከሻው ሥር የገባ ጥይት ሳንባውን ይበሳዋል፤ ደሙ ደመቅ ያለ፣ አረፋ ያለው ይሆናል፤ እንስሳው ጥቂት ሮጦ ይወድቃል። አንድ ክንድ ወደ ኋላ ያፈነገጠ ጥይት ግን ሆዱን ነው የሚያገኘው። ሆዱን የተመታ አጋዘን አይወድቅም። ጀርባውን ጎበጥ አድርጎ በዝግታ ይርቃል፤ ደሙ ጠቆር ያለና ጥቂት ነው፤ የተመሰኳ ሣር አረንጓዴ ፍርፋሪ ይታይበታል፤ ይሸታልም። እንዲህ ያለውን ወዲያው መከተል ትልቅ ስህተት ነው። ተረጋግቶ ሊተኛ የነበረው እንስሳ ተነስቶ ሁለት ሸለቆ ያቋርጣል። ለሳንባ ምት ግማሽ ሰዓት፣ ለሆድ ምት ብዙ ሰዓት መታገሥ ይገባል። ተኩሱ 11 ሰዓት ላይ ከሆነ ግን መታገሥ ማለት ሌሊቱን ለጅብ መተው ነው። ስለዚህ የሚያውቅ ፕሮፌሽናል አዳኝ አመሻሽ ላይ፣ በጉም፣ በሩቅ አያስተኩስም። እንግዳው ቢቆጣም አያስተኩስም።

የሙያው ደንብ የቆሰለና የጠፋ እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል ይላል፤ ፈቃዱ እዚያ ላይ ተዘግቷል፣ ክፍያውም አይመለስም። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ማን ይጽፈዋል የሚለው ነው። እንግዳው የከፈለውን ዶላርም ግዳዩንም ማጣት አይፈልግም። ፕሮፌሽናል አዳኙ ደንበኛውን ማስከፋት አይፈልግም። አብሮ የሄደው የመንግሥት ስካውት ደግሞ የመስክ አበሉን የሚቀበለው፣ ድንኳኑንና ምግቡን የሚያገኘው ከዚያው ድርጅት ከሆነ፣ «ስቶታል፣ አልተመታም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በጣም ቀላል ይሆናል። ስካውቱን አንወቅሰውም፤ ብዙዎቹ በዝናብና በውርጭ ለትንሽ ደመወዝ እንስሳውን የሚጠብቁ ቅን ሰዎች ናቸው። ምስክርን ከሚመሰክርበት ሰው እጅ እያበሉ እውነቱን ንገረን ማለት ግን እሱንም መበደል ነው። አበሉ ድርጅቱ አስቀድሞ ለመንግሥት ገቢ አድርጎ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ይከፈለው። አንድ ስካውት ከአንድ ድርጅት ጋር ወቅቱን ሙሉ እንዳይሄድም ይዘዋወር።

ስካውቱ ምን ማየት እንዳለበትም በግልጽ ይጻፍለት። ጥይት በተተኮሰ ቁጥር፣ ተመታም አልተመታም፣ እንስሳው ቆሞ ወደነበረበት ቦታ በእግሩ ይሄዳል። የተቆረጠ ፀጉር፣ የአጥንት ስንጥር፣ የደም ጠብታ፣ በድንገተኛ ዝላይ የተቆፈረ የሰኮና ዱካ ይፈልጋል። ቦታውን በድንጋይ ቁልል ምልክት ያደርጋል፣ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። አጭር ነጭ ፀጉር ከተገኘ ጥይቱ ከሥር ሆድ ወይም እግር ነክቷል ማለት ነው፤ «ስቶታል» የሚባል ነገር የለም። ዝናብ ከቀደመው ይህ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ታጥቦ ይጠፋል።

እንስሳው ከወደቀ በኋላ ሁሉም ሰው ወደ ቀንዱ ይሮጣል። ሜትሩ ጥምዝምዙን ተከትሎ ከሥሩ እስከ ጫፉ ይለካል፤ ረጅም ከሆነ እልል ይባላል። የቀንድ ርዝመትን የምንሸልም ከሆነ ግን የምንገድለው መገደል የሌለበትን ወንድ ነው። ያረጀ ኮርማ የቀንዱ ጫፍ ከዛፍና ከመሬት ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተፍቋል፤ ጫፉ የዝሆን ጥርስ መስሎ ያብለጨልጫል፤ በርዝመት ግን ከጎረምሳው ሊያንስ ይችላል። ዕድሜውን የሚናገሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ወደ ጥቁር ቡናማ የጠቆረ ገላ፣ የወፈረ አንገት፣ የሰፋ የቀንድ ሥር። ከሁሉም በላይ የሚናገረው ጥርሱ ነው። የታችኛው መንጋጋ ተቆርጦ፣ ተቀቅሎ፣ የፈቃዱ ቁጥር በማይለቅ ቀለም ተጽፎበት ለመሥሪያ ቤቱ መቅረብ አለበት። መንጋጋው ለእንግዳው ግድግዳ አያስፈልገውም፤ ለእኛ ግን ከቀንዱ ይበልጣል። ከአንድ ቀጠና የአምስት ዓመት መንጋጋ ተደርድሮ ሲታይ፣ የጥርሱ መበላት ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ከመጣ፣ እየተገደሉ ያሉት ወጣቶች ናቸው፤ ኮታው ከብዷል። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ መደርደሪያና የሚያይ ዓይን ይበቃል።

በሥራው ቋንቋ ትሮፊ፣ በአባቶቻችን ቋንቋ ግዳይ የሚባለው ቆዳና ቀንድ የራሱ ጣጣ አለው፤ ከፈቃዱ ጋር የሚያገናኘው ነገር ስላለ በአጭሩ እናነሳዋለን። ለአንድ የደጋ አጋዘን ሙሉ ቆዳ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ደቃቅ ጨው ይዞ መውጣት ያስፈልጋል፤ ድፍን ጨው ወደ ቆዳው አይሰርግም። ሥጋውና ስቡ ተፍቆ፣ የጆሮው ውስጥ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ ከንፈሩና የዓይኑ ቆብ ተሰንጥቆ በዚያው ቀን ይታሻል። በማግስቱ የረጠበው ጨው ተራግፎ በአዲስ ይተካል፤ ከዚያ በጥላና በነፋስ ይደርቃል። በባሌ ጉም ውስጥ ይህን ያቃለለ ሰው በሦስተኛው ቀን ቆዳውን ሲነካው ፀጉሩ በእፍኝ ይነቀላል፤ መጀመሪያ በጆሮና በዓይን ዙሪያ። ከዚያ «ግዳዩ ተበላሽቷል፣ ሌላ ይፈቀድልን» የሚል ልመና ይመጣል። መልሱ አይሆንም ነው። ፈቃድ ለአንድ እንስሳ ነው፤ ጨው ያነሰው የመንግሥት ጥፋት አይደለም። መለያ ቁጥሩም በጆንያው ላይ ሳይሆን በቆዳው የዓይን ቀዳዳ አልፎ ይታሰር፤ ቀንዱ ከውስጥ አጥንቱ ሲወጣ ሁለቱም ቀንዶች ያንኑ ቁጥር ይያዙ። ቀንድ በቀንድ የሚቀየረው በዚህ ክፍተት ነው።

ከአገር ለማስወጣት የእንስሳት ጤና የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ተቀባይ አገሮች አፍተግር የሚባለውን የከብት በሽታ ስለሚፈሩ በደንብ ያልደረቀ ቆዳ ይመልሳሉ። የደጋ አጋዘን የዱር እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው፣ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሠንጠረዥ ውስጥ አልገባም። ነብር ግን ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግበት በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ የተቀባዩ አገር የማስገቢያ ፈቃድ ይወጣል፤ የእኛ የማስወጫ ፈቃድ ያንን አይቶ ይሰጣል። ቆዳው ላይ አንዴ ከተቆለፈ የማይከፈት መለያ ይታሰራል፤ የአገሩ ስም፣ ከዓመቱ ኮታ ውስጥ ያለው ተራ ቁጥርና ዓመቱ ይጻፍበታል። አንድ ሰው በዓመት ከሁለት በላይ የነብር ግዳይ ማስገባት አይችልም።

እዚህ ላይ የእኛ ብቻ የሆነ አንድ ችግር አለ። የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይሄዳል፤ የነብሩ መለያ የሚጠይቀው ግን የአውሮፓውያኑን ዓመት ነው። ኮታው በበጀት ዓመት ከተቆጠረ በኅዳር የታደነና በየካቲት የታደነ ነብር ለእኛ የአንድ ዓመት፣ ለተቀባዩ አገር የሁለት ዓመት ይሆናሉ። በዚያ ላይ «2016» ብቻ ተብሎ የተጻፈን ቀን የውጭ አገር ጉምሩክ ከስንት ዓመት በፊት የታደነ አድርጎ ያነበዋል። ወረቀቱ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ጎን ለጎን መጻፍ የብዙ ወር ደብዳቤ መመላለስን ያስቀራል።

ገንዘቡን በመጨረሻ ያነሳነው ስለሚያንስ አይደለም። ከአደን ፈቃድ የሚገኘው ገቢ 85 ከመቶው ለክልል፣ 15 ከመቶው ለፌዴራል እንዲሆን ተወስኖ ሲሠራበት የቆየ ነው። ክልል ማለት ግን አጋዘኑ ማሳውን የሚበላበት ገበሬ ማለት አይደለም። ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ሲወርድ ገንዘቡ ከሌላ በጀት ጋር ይቀላቀላል። ትምህርት ቤቱ ቢሠራም እንኳ ገበሬው በአጋዘኑ ገንዘብ እንደተሠራ አያውቅም። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የታደነው ሥጋ ለመንደሩ ስለሚከፋፈል ሕዝቡ ቢያንስ ያንን ያገኛል። በባሌና በአርሲ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባርኮ ያላረደውን አይበላም፤ ስለዚህ ከአደኑ ለመንደሩ የሚተርፈው የተኩስ ድምፅ ብቻ ሊሆን ይችላል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ ጥበቃው በላላበት ወቅት፣ በዲንሾና በጋይሳይ ዙሪያ የነበረው የደጋ አጋዘን በብዛት ተገድሎ ቁጥሩ አሽቆልቁሏል። ጠባቂ የሌለበት ቀን ሲመጣ አጋዘኑን ከሞት የሚያተርፈው ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱ የሚያተርፈው ደግሞ ጥቅሙን በዓይኑ ካየ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። እያንዳንዱ የአደን ፈቃድ የመስክ ተመላሽ ቅጽ ይኑረው፤ ቅጹን ያልመለሰ ድርጅት የሚቀጥለው ዓመት ኮታ አይታይለት። ቅጹ ላይ የተተኮሰው ጥይት ብዛትና የተለቀመው ቀለህ፣ ተኩሱ የተፈጸመበት ሰዓትና ቦታ፣ የተገደለና የቆሰለ፣ የሁለቱ ቀንዶች ልክ፣ የመንጋጋው ቁጥር ይስፈር። ሦስት ሰው ይፈርምበት፦ ፕሮፌሽናል አዳኙ፣ በድርጅቱ አበል ያልሄደው ስካውትና በቀበሌው ሕዝብ የተመረጠ አንድ ሽማግሌ። ሽማግሌው በፈረመ ማግስት ለቀበሌው የሚገባው ድርሻ በብር ተሰልቶ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከስንት አጋዘን፣ ስንት ብር፣ መቼ ይገባል የሚለው በኦሮምኛና በአማርኛ ይጻፍ። ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በመጪው የአደን ወቅት በአንድ ቀጠና፣ ለምሳሌ በሙነሳ ኩኬ፣ ሊሞከር ይችላል። የተመላሽ ቅጾቹ ቅጂም ለማንኛውም ጠያቂ፣ ለጋዜጠኞቻችሁም ጭምር፣ ክፍት ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
በዱር እንስሳት ጥበቃ ሙያ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችሁ
ከባሌ ሮቤ